መጽሐፉ ለተማሪው ሳይሆን ሲቀር

ውድ አንባቢ፣ በቤተ ክርስቲያንዎ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምራሉ? ምሽት ላይ ፊደል ለሚቆጥሩ ጎልማሶች ጠመኔ ይዘው ይቆማሉ? ወይስ በቤትዎ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይመራሉ? እንዲህ ከሆነ አንድ ነገር ሳይገጥምዎ አልቀረም። የተሰጠዎትን መጽሐፍ ከፍተው በትጋት ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቹ ግን ዓይናቸው እርስዎ ላይ፣ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ እርስዎም ተዘጋጅተዋል። ነገር ግን ትምህርቱና ተማሪው አልተገናኙም። በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋሉ?

እኔ ያደረግሁትን ልንገርዎ። መጀመሪያ ላይ ምንም አላደረግሁም። ያስከፈለኝም እሱ ነው።

«ስለ ጦጣ ላነብ አልመጣሁም»

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በሳምንት ሦስት ምሽት ጎልማሶችን ፊደል አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ 18 ነበሩ፤ የሚበዙት የቤት ሠራተኞችና የጉሊት ነጋዴዎች ሲሆኑ አንድ የጥበቃ ሠራተኛም ነበረ። የተሰጠን መጽሐፍ ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት የተዘጋጀ ነው። በየገጹ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ ፊኛ የያዘች ልጅ፣ ዛፍ ላይ የወጣ ጦጣ ተሥሎበታል። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ከገጽ 1 ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ቀሩ። ከሁሉም ቀድመው የሚመጡ፣ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው የሚይዙ እናት ነበሩ። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ሳምንትም ሲቀሩ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደሚሸጡበት ቦታ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምነው ጠፉብኝ?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ ቆዩና፣ «የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን እኔ ስለ ጦጣ ላነብ አልመጣሁም» አሉኝ።

ከዚያም ለምን እንደመጡ ነገሩኝ። አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው ታሞ ከጤና ጣቢያ ሽሮፕ ታዝዞለት ነበር። መድኃኒቱ ላይ በአማርኛ ተጽፏል፤ እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም፤ ጎረቤት ለመጠየቅም አፈሩ። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ማንኪያ መስጠት ሲገባቸው፣ ሦስቱን ማንኪያ በአንድ ጊዜ ሰጡት። ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። በማግስቱ ግን ሴትየዋ «ሳልማር አልሞትም» ብለው ወደ እኛ አዳራሽ መጡ። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ኳስና ስለ ፊኛ አስነበብኳቸው።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአንድ ጥያቄ ላውቀው የምችለውን ነገር ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበር። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ለአስተማሪም ነው።

ሦስት የተለመዱ ስሕተቶች

መጽሐፉ ከተማሪው ጋር አልሄድ ሲል ብዙዎቻችን ከሦስቱ በአንዱ እንሰናከላለን።

አንደኛው ተማሪውን መውቀስ ነው። «ሰነፎች ናቸው»፣ «የዘመኑ ልጆች አይሰሙም»፣ «ትልቅ ሰው አእምሮው ደርቋል» እንላለን። ይህን ስንል ለራሳችን በሩን ዘጋን ማለት ነው፤ ችግሩ እነሱ ከሆኑ እኛ የምንሠራው ነገር አይኖርምና።

ሁለተኛው «ብቻ መጽሐፉን ልጨርስ» ማለት ነው። መጽሐፉ በሰዓቱ ያልቃል፤ ሪፖርትም ይጻፋል። ተማሪው ግን እጁ ላይ ምንም የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

ሦስተኛው መጽሐፉን ጨርሶ መጣል ነው። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቻለሁ። ከዚያች እናት ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ መጽሐፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ከየወረቀቱ ፊደል እየለቀምኩ ማስተማር ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የትኛውን ፊደል እንዳዳረስን፣ የትኛው እንደቀረን እኔም አላውቅ፣ ተማሪዎቼም አያውቁ። መጽሐፍ ሌላው ቢቀር ቅደም ተከተል አለው። ያዘጋጁት ሰዎች ከምን ቀጥሎ ምን መምጣት እንዳለበት አስበውበታል። እሱን ሲጥሉ ያንን ሁሉ ድካም አብረው ይጥላሉ።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ በመካከል ነው፤ የትምህርቱን ግብ አጥብቆ መያዝ፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ለተማሪው እንዲሆን ማስተካከል።

አለመግጠሙ የት ላይ ነው?

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። አስተማሪም «መጽሐፉ አይሆንም» ከማለቱ በፊት የማይሆነው የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አለበት። ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ባሉ የአማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተምሩ ወገኖች ይህን በሚገባ ያውቁታል። አገር ቤት የተዘጋጀ የፊደል መጽሐፍ ልጁ አማርኛን በአፉ እንደሚያውቅ አድርጎ ይጀምራል። «ቆ» ብሎ ከጎኑ ቆጥ ይሥላል። እዚያ የተወለደው ልጅ ፊደሉን ያነባል፤ «ቆጥ» ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ለእሱ መጀመሪያ ቃሉ፣ ከዚያ ፊደሉ መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ኑሮ ነው። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ የሰንበት ትምህርት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆችን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ መቀስ፣ ሙጫና ባለ ቀለም እርሳስ ያስባሉ። የእርስዎ ክፍል ግን ስልሳ ልጆች በስምንት አግዳሚ ወንበር የተቀመጡበት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ትምህርቱ ከአቅም በላይ ይከብዳል ወይም ከዕድሜ በታች ይቀላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ፣ ጠንካራ ምግብ ገና ስላልቻሉ ወተት እንደሰጣቸው ያስታውሳቸዋል። የሚመግበውን ሰው አቅም አይቶ ነው የመገበው።

አራተኛው ዓላማ ነው። መጽሐፉ የሚሰጠውና ተማሪው የመጣበት ጉዳይ ይለያያሉ። የእኔ ተማሪ ችግር ይህ ነበር፤ ፊደሉ ትክክል፣ አማርኛው ትክክል፣ ጉዳዩ ግን የእሳቸው አልነበረም።

መጽሐፍ ያልነበራቸው አስተማሪዎች

ይህ ችግር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወገኖቻችን የገጠማቸው ከእኛ የባሰ ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉና በኋላ ነጻ የወጡ ነበሩ። አስቴርን ወደ ዓረቢያ ትጋዝ ከነበረችበት ጀልባ የጣሊያን መርከቦች ያስጣሏት በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። የተማረችውም እምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር።

ለኦሮሞ ልጆች የሚሆን የንባብ መጽሐፍ ሲያስፈልግ ከሌላ አገር መጽሐፍ ወስዶ መተርጎም ይቻል ነበር። እነሱ ግን ሌላም መንገድ ነበራቸው። አስቴር በልጅነቷ ከሕዝቧ የሰማችውን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከአእምሮዋ እያስታወሰች ጻፈች፤ ቁጥሩ 500 ያህል ደረሰ። ከዚያ ውስጥ ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የተጻፈውም በኦሮምኛ፣ በእኛው በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦኔሲሞስ በአስቴር እየታገዘ የሠራው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ሁለቱም በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ።

ልብ ይበሉ፤ የንባብ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ተማሪው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ነገር በዓይኑ እንዲያየው አደረጉ። በቤቱ እሳት ዳር የሰማውን እንቆቅልሽ በወረቀት ላይ ያገኘ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቀሪው ፊደሉን ማወቅ ነው።

ከጡብ የጀመረው ትምህርት

ሁለተኛው ምሳሌ ከብራዚል ነው። ፓውሎ ፍሬሬ የተባለው መምህር በ1963 እ.ኤ.አ. አንጊኮስ በምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ያህል ማንበብ የሚያስተምር ፕሮግራም መርቷል። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ሥራው ተቋረጠ፤ እሱም ታስሮ በኋላ ተሰደደ። አሠራሩ ግን ቀርቷል።

አስተማሪዎቹ መጀመሪያ መጽሐፍ አላዘጋጁም። ሰዎቹ ወደሚኖሩበት ሄደው ንግግራቸውን አዳመጡ፤ በየዕለቱ ከአፋቸው የማይጠፉትን ቃላት መዘገቡ። በፍሬሬ ዘዴ ከታወቁት ቃላት አንዱ «ጡብ» የሚለው ነው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ስለ ጡብና ስለ ሥራቸው ይነጋገራሉ። ከዚያ ቃሉ በቋንቋቸው ወደ ድምፆቹ ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ቤተሰብም ይዘረዘራል። ከእነዚያ ድምፆች ተማሪዎቹ ራሳቸው አዳዲስ ቃላት ይሠራሉ።

ይህ ዘዴ ለእኛ ፊደል እንግዳ አይደለም፤ የእኛ ፊደል ራሱ በቤተሰብ የተደራጀ ነውና። 33ቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ሰባት ልጆች አሏቸው፤ በድምሩ 231። በልማዳዊው ቅደም ተከተል ከ«ሀ» ተነሥቶ የሚሄድ ተማሪ «እናት» የሚለውን ቃል ለማንበብ 16ኛው ቤት፣ ማለትም 111ኛው ፊደል ድረስ መጠበቅ አለበት፤ «እ» የሚገኘው እዚያ ነውና። ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ የሚማር ሰው ይህን ያህል ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

አሁን ሌላውን መንገድ ይሞክሩ። «በ»፣ «ተ»፣ «ነ» እና «አ» የሚሉትን አራት ቤቶች ብቻ ያስተምሩ፤ 28 ፊደል ነው። ከእነዚህ «እናት»፣ «አባት»፣ «ቤት»፣ «ቡና»፣ «አንተ»፣ «እናንተ» ይወጣሉ። «እናት ቤት ናት» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይነበባል። በክፍሌ ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ የጥበቃ ሠራተኛው ጣቱን እየጠቆመ በዝግታ አነበበና ሳቀ። «ይኼ እኮ ወሬ ነው!» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊደል እንጂ ወሬ አንብቦ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በታች ያለው ከራሴ ድካም የተማርኩት ነው። ሁሉንም በአንድ ሳምንት እንዲያደርጉት አልልም። በአንድ ትምህርት ይጀምሩ።

አንደኛ፣ ይጠይቁ። ኮርሱ ሲጀመር እያንዳንዱን ተማሪ «ይህን ተምረው ምን ሊያደርጉበት ይፈልጋሉ?» ብለው ያነጋግሩ። በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍር ይኖራል፤ ስለዚህ ለብቻ ይሁን። እኔ ከስሕተቴ በኋላ ተማሪዎቼን «ማንበብ ብችል ብለው የሚመኙትን አንድ ወረቀት ከቤት ያምጡ» አልኳቸው። የመድኃኒት ከረጢት፣ የመብራት ቢል፣ የዕድር ደብተር፣ የልጅ የትምህርት ቤት ካርድ፣ መጽሐፍ ቅዱስም መጣ። አንዲት የቤት ሠራተኛ ከወንድሟ የተላከላትን ደብዳቤ አመጣች፤ ለሁለት ዓመት ያላስነበበችው፣ ምሥጢሯን ሌላ ሰው እንዳያውቅባት ነው። ከዚያ ጠረጴዛ በላይ የትምህርት ዕቅድ አላየሁም።

ሁለተኛ፣ የትምህርቱን ግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ የጠፋውን በግ ምሳሌ (ሉቃስ 15) ለልጆች ሲያስተምሩ ግቡ «እረኛው ለአንዱም ግድ ይለዋል» የሚል ነው እንበል። መጽሐፉ በመቀስ የሚቆረጥ የበግ ሥዕል ያዝዛል፤ መቀስ ግን የለም። መቀሱ ግቡ አይደለም። 100 ጠጠር ያስቆጥሯቸው፤ አንዱን ይደብቁና ይፈልጉት። በግ ጠብቀው ለማያውቁ የከተማ ልጆች ደግሞ መርካቶ ውስጥ ከእናቱ እጅ የጠፋ ልጅን ያስቡ ቢሏቸው እረኛው ምን እንደተሰማው ወዲያው ይገባቸዋል። ግቡ ተጠበቀ፤ መንገዱ ተለወጠ።

ሦስተኛ፣ የሚለውጡትን ይለዩ። መጽሐፉ ላይ ሊያደርጉት የሚችሉት አራት ነገር ነው፤ መቀየር፣ ማቅለል፣ መጨመር፣ መዝለል። ምሳሌው ከኑሯቸው ከራቀ ይቀይሩት። ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ ያቅልሉት። ልምምዱ ካነሰ ይጨምሩ። የማይመለከታቸውን ይዝለሉ። ነገር ግን የመጽሐፉን መሠረት አይንኩ። በፊደል ትምህርት ቅደም ተከተሉን ቢቀይሩም በመጨረሻ 33ቱም ቤቶች መዳረስ አለባቸው። እኔ ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የተማርነውን ቤት በቀይ እከብበው ነበር፤ ያን ጊዜ የቀረን የት እንደሆነ ሁላችንም እናያለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትም ምሳሌው ይለወጣል እንጂ የክፍሉ መልእክት አይለወጥም።

አራተኛ፣ ተማሪዎቹን የትምህርቱ ምንጭ ያድርጓቸው። አንዷ ስለ ዛሬ ውሎዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትናገር፤ እርስዎ ሰሌዳ ላይ እንደተናገረችው ይጻፉት፤ ክፍሉ ያንብበው። የራስን ንግግር ማንበብ ከሁሉም ይቀላል፤ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ያውቀዋልና።

አምስተኛ፣ ለብቻዎ አይሁኑ። ያንኑ መጽሐፍ የሚያስተምሩ ሌሎች አሉ። በወር አንድ ጊዜ ተገናኝታችሁ «ገጽ 12 ላይ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ብትባባሉ እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን ከምትደክሙት ይተርፋችኋል።

ስድስተኛ፣ ለአዘጋጆቹ ይንገሩ። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። መጽሐፉ አልሆነም ብለን እርስ በርስ እናጉረመርማለን፤ ያዘጋጀው ክፍል ግን ሁሉ ደህና መስሎት ያንኑ መልሶ ያሳትማል። ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ የገጹን ቁጥር፣ በክፍል ውስጥ የሆነውን፣ በምትኩ ያደረጉትን። ቅሬታው ከነመፍትሔው ሲቀርብ አዘጋጆቹ አመስግነው የሚቀበሉት ስጦታ ይሆናል።

«ጊዜ የለኝም» ለሚሉ

አንዳንዱ፣ «እኔ ደመወዝ የማይከፈለኝ አገልጋይ ነኝ፤ ከሥራ ደክሜ እመጣለሁ፤ መጽሐፉን ማስተማሩም በዝቶብኛል» ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ያስቡት፤ ማንም የማይከታተለውን አንድ ሰዓት ማስተማር ተማሪውን ከመሳተፉ ትምህርት የበለጠ ያደክማል። እኔ ለዝግጅት የጨመርኩት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ነበር። እሱም ቢሆን አብዛኛው ተማሪዎቹ ያመጡትን ወረቀት ማየት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እንወደዋለን። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲደርስ ትምህርቱን ወዲያው አልጀመረም። መጀመሪያ ሰውዬው የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ቀጥሎም ጃንደረባው ከያዘው ክፍል፣ ከጥያቄው ተነሥቶ ወንጌልን ነገረው። ጠየቀ፣ ሰማ፣ ካለበት ተነሣ። የአስተማሪነት ትምህርት ቤት ባንገባ እንኳ ይህ ይበቃናል።

የመድኃኒቱ ከረጢት

እኚያ እናት ተመልሰው መጡ። ፊደል እንደ ወጣቶቹ ቶሎ አልገባቸውም፤ ዓይናቸውም ይደክም ነበር፤ ፊደሉን በትልቁ እየጻፍኩ እሰጣቸው ነበር። ስምንት ወር ያህል ከቆየን በኋላ አንድ ምሽት ላይ ባዶ የመድኃኒት ከረጢት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ሌላ ጊዜ ለራሳቸው የታዘዘ ነው። በጣታቸው እየተከተሉ፣ «አንድ… ፍሬ… ጠዋት… እና… ማታ» ብለው አነበቡ። ደጋግመው አነበቡት። ቀጥለውም፣ «በያኔው ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ» ብለው ዝም አሉ። ክፍሉም አብሯቸው ዝም አለ።

ያ ከረጢት በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። በእርስዎም ክፍል ውስጥ እንዲሁ አንድ ከረጢት፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይኖራል። በሚቀጥለው ጊዜ ክፍል ሲገቡ መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት ቀና ብለው ተማሪዎችዎን ይዩ፤ ከዚያ ምን ፈልገው እንደመጡ ይጠይቋቸው።